የጅቡቲ ክረምት

ሐምሌ ሲገባ እናቴ ከደብረ ብርሃን ትደውላለች። «ልጄ፣ ክረምቱ እንዴት ያደርግሃል? ብርዱስ?» ትላለች። እኔ ጅቡቲ ከተማ፣ ኳርቲዬ ስድስት፣ አንድ የቆርቆሮ ጥላ ሥር ቆሜ ላቤን በክንዴ እየጠረግሁ፣ የጋለው ስልክ ጆሮዬን እየለበለበኝ «ደህና ነው እማዬ፣ አይከፋም» እላታለሁ። እውነቱን ብነግራት አታምነኝም። የሙቀት መለኪያው 42 ይላል። ካምሲን የሚሉት ነፋስ ተነሥቶ ፊቴን ሲገርፈኝ፣ አንድ ሰው ከፊቴ ቆሞ የጋለ ምጣድ አክንባሎ የከፈተብኝ ይመስለኛል።

ይህች እናቴ ከቤት ስወጣ የደብረ ብርሃን ብርድ ልብስ ሻንጣዬ ውስጥ ጠቅጥቃ የሸኘችኝ ናት። «እማዬ፣ የምሄደው እኮ ጅቡቲ ነው» ብላት፣ «ብርድ የሌለበት አገር የለም፤ ለማንኛውም ያዘው» አለች። ብርድ ልብሱን ያዩ ደባሎቼ ሁሉ ሳቁብኝ። እኔም ከእነሱ ጋር ሳቅሁ። መሳቅ እንዳልነበረብኝ የገባኝ ዘንድሮ ነው፤ ያስተማረኝም የሞተር ዘይት ነው።

አንዲት አሮጌ ኮሮላ አለችኝ። ሥራዬ ከወደብ ጭነት ማስወጣት ስለሆነ ከቢሮ ዶራሌ፣ ከዶራሌ ቢሮ ስትመላለስ ትውላለች። ያን ሰሞን ዘይት የምትቀይርበት ኪሎ ሜትር ደረሰ። እዚህ «ዘይት ልቀይር» አይባልም፤ «ቪዳንዥ ላድርግ» ነው የሚባለው። ቃሉ ፈረንሳይኛ ነው፤ ማፍሰስ፣ ባዶ ማድረግ ማለት ነው። እኛ የሚገባውን ስናስብ እነሱ የሚወጣውን ያስባሉ። መካኒኬ ያገሬ ልጅ ስለሆነ ሁሉንም ይቀላቅላል። «ቪዳንዥ» ይላል በፈረንሳይኛ፤ «ፊልትሮ» ይላል በጣልያንኛ፤ ሒሳቡን ሲነግረኝ ግን ጥርት ባለ አማርኛ ነው።

ዘይቱን ራሴ ልግዛ ብዬ የአንድ የመናዊ ሱቅ ገባሁ። «ዘይት» አልኩ። «ዘይት» አለ እሱም። ቃሉ በዐረብኛም በአማርኛም አንድ ነው፤ መግባባታችን ግን እዚያው ላይ አለቀ። ጋሎኖቹ መደርደሪያው ላይ ተሰልፈዋል፦ 5 ደብልዩ 30፣ 10 ደብልዩ 40፣ 15 ደብልዩ 40፣ 20 ደብልዩ 50። ሰው የማያውቀው ቁጥር ሲገጥመው ከሚያውቀው ቁጥር ጋር ያዛምደዋል፤ እኔ ደግሞ በዚያ ሰሞን የማውቀው ዲግሪ ብቻ ነበር። «15–40 ማለት ከ15 ዲግሪ እስከ 40 ዲግሪ የሚሠራ ማለት ነው» አልኩ በልቤ። ዛሬ ስንት ነው? 42። ስለዚህ አርባው በሁለት ዲግሪ ያንሳል! ሃምሳው ግን ስምንት ዲግሪ መጠባበቂያ አለው። ማትሪክ ላይ ሒሳብ እንዲህ ቢበራልኝ ኖሮ ዛሬ ዶራሌ ኮንቴይነር ስቆጥር ባልተገኘሁ ነበር። 20 ደብልዩ 50፣ ባለ አምስት ሊትሩን ጋሎን ገዝቼ ወጣሁ።

መካኒኩ አሮጌውን ዘይት አፈሰሰ፤ ፊልትሮውን ለወጠ፤ ከውሃ ላስቲክ ቆርጦ የሠራውን መቅጃ ሞተሩ አፍ ላይ ሰካ። ከዚያ ሰዓቱን አየ። ከቀኑ ሰባት ሰዓት ሆኗል። ጅቡቲን የሚያውቅ ሰው ቀሪውን ያውቀዋል። በሰባት ሰዓት ግድም ከኢትዮጵያ ጫት ይገባል፤ ጫት ሲገባ ከተማው የያዘውን ጥሎ ይወጣል። «መጣሁ ወንድሜ» ብሎኝ ሄደ። እኔና ኮፈኗን የከፈተች ኮሮላ ተፋጠጥን።

ምን ያቅተኛል ብዬ ቀዳሁ። ሞተሯ አራት ሊትር እንኳ አይዝም። ሦስት ተኩል ገባ፤ አንድ ተኩል ተረፈ። የተከፈተ ጋሎን ታቅፌ የት እሄዳለሁ? ደግሞስ በዚህ ሙቀት ትንሽ ጨመር ቢደረግላት ምን ትሆናለች? በእናቴ ቤት ጉርሻ የሚጀመረው እንግዳው «ጠገብኩ» ሲል ነው። «በሞቴ» እያልኩ የቀረውን በሙሉ አጎረስኳት።

ማታ ቀዝቀዝ ሲል ይዣት ወጣሁ። ምኒልክ አደባባይ ስደርስ ከኋላዬ ሰማያዊ ጭስ ተነሣ። አደባባዩ በመዝገብ ስሙ በጅቡቲ የነጻነት ቀን የተሰየመ፣ የጁን 27 ቀን 1977 (እ.ኤ.አ.) አደባባይ ነው፤ ሰው ግን አሁንም በንጉሡ ስም ነው የሚጠራው። እንግዲህ በንጉሣችን አደባባይ መሀል ከነጭሴ ቆምኩ። ጅቡቲ የፈረንሳይ፣ የአሜሪካ፣ የጃፓን፣ የጣልያንና የቻይና ጦር የሰፈረባት ከተማ ናት። ያን ማታ አምስቱም ጦር ወደ እኔ ዞሮ ያየኝ መሰለኝ።

በማግሥቱ ደጃፌ ላይ ኮፈኗ ተከፍቶ ችሎት ተሰየመ። መካኒኬ አለ። ወረቀት ሊያስፈርመኝ ከፔካ ዱዝ የመጣ የሲኖትራክ ሹፌር ከነረዳቱ አለ። ጎረቤቴ፣ የአረንጓዴና ነጭ ታክሲው ባለቤትም አለ። የሚገርመው፣ ስለ ጭሱ የተናገረ የለም። ክርክሩ ሁሉ በሁለቱ ቁጥሮች መሀል ስለተሰነቀረችው ፊደል ሆነ።

«ደብልዩ ማለት ወፍራም ማለት ነው» አለ መካኒኬ። «20 ወፍራም! አንተ ደግሞ ጨርሰህ ገዛህ።»

«ወር ነው እንጂ» አለ ረዳቱ። «15 ደብልዩ ማለት 15 ወር ያሠራል ማለት ነው።»

«አንተ ዝም በል» አለ ሹፌሩ። «በ15 ወር አንዴ ዘይት ልትቀይርልኝ ነው? እኔ የማውቀው 15–40 የናፍጣ መሆኑን ነው፤ አለቀ።»

ባለታክሲው ጅቡቲያዊ ነው፤ ያደገው ግን ድሬዳዋ ስለሆነ ወንዱንም ሴቱንም «አንቺ» ይላል። «አቦ፣ አንቺ ምን ያስጨንቅሻል? ወፍራም ጨምሪባትና ንጂያት፤ ድምጿ ይጠፋል» አለኝ።

ነገሩን የፈቱት የባለታክሲው አጎት ናቸው። ዕድሜያቸውን በድሬዳዋ የባቡር ወርክሾፕ የፈጁ ጡረተኛ ናቸው፤ አማርኛቸው ከእኔ ይሻላል። ከወንበራቸው ሳይነሡ «ልጄ፣ ከቤት የመጣ ቅቤ አለህ?» አሉኝ። ለሞተሩ ሊያዙለት መስሎን ሁላችንም ደነገጥን።

ቅቤስ አለኝ። እናቴ በሹፌር እጅ ትልክልኛለች። ደብረ ብርሃን ላይ በቢላ የሚቆረጠው ቅቤ የጋላፊን ድንበር ሳይሻገር ቀልጦ ያልቃል፤ እዚህ ሲደርስ የሚቀዳ እንጂ የሚቆረጥ አይደለም። አዛውንቱ ሁለት ማንኪያ አስቀዱ። አንዱን ፍሪጅ አስገቡ፤ ሌላውን መስኮት ላይ አስቀመጡ። ሻይ ጠጣን። ከዚያ ሁለቱንም ማንኪያ አስመጥተው በፊታችን ዘቀዘቋቸው። የመስኮቱ ወዲያው ተንዠቀዠቀ። የፍሪጁ ማንኪያው ላይ ሙጭጭ ብሎ ቀረ።

«ስንት ዓይነት ቅቤ ነው?» አሉ።

«አንድ።»

«ወፍራም ነው ቀጭን?»

ዝም አልን።

«አያችሁ፣ በስንት ሙቀት ላይ እንደለካችሁት ካልነገራችሁኝ ወፍራም ነው፣ ቀጭን ነው አትበሉኝ። ሁለት ቁጥር የተጻፈው ሁለት ጊዜ ስለተለካ ነው።»

ያን ዕለት ከእሳቸው የሰማሁት፣ በኋላም ከመጻሕፍት ያረጋገጥኩት እንዲህ ነው። ሞተር ሥራ ላይ ሲሆን ዘይቱ 100 ዲግሪ አካባቢ ይደርሳል። ስለዚህ ኋለኛው ቁጥር የሚወጣው ዘይቱን በ100 ዲግሪ ለክቶ ነው። በጠባብ የመስታወት ቱቦ ይለቁትና ለመውረድ የፈጀበትን ጊዜ ይቆጥራሉ፤ ውጤቱን ሴንቲስቶክስ በሚባል መለኪያ ይጽፋሉ። ከ9.3 እስከ 12.5 ያለው 30 ይባላል፤ ከ12.5 እስከ 16.3 ያለው 40፤ ከ16.3 እስከ 21.9 ያለው 50። አርባ እንግዲህ ዲግሪ አይደለም፤ ኪሎም ወርም አይደለም። የክፍል ስም ነው፤ አርባኛ ክፍል እንደማለት።

ፊተኛው ቁጥር የብርድ ፈተና ውጤት ነው። 20 ደብልዩ የሚባለው ከዜሮ በታች 15 ዲግሪ ላይ ሞተሩ ዞሮ እንዲነሣ የሚያደርግ ዘይት ነው። 15 ደብልዩ ከዜሮ በታች 20 ላይ፣ 10 ደብልዩ 25 ላይ፣ 5 ደብልዩ 30 ላይ ይፈተናሉ። ቁጥሩ ባነሰ መጠን ብርድ ይችላል። ደብልዩዋም የእንግሊዝኛው «ዊንተር» መነሻ ፊደል ናት። ክረምት ማለት ናት።

«ክረምት?» አልኩ፤ ላቤ ካገጬ እየተንጠባጠበ። ፈረንጆቹ ዊንተር የሚሉት እኛ በጋ የምንለውን ጊዜ ነው። እኛ ክረምት የምንለው ሐምሌ ደግሞ ጅቡቲ የምትነድበት ወር ነው። ጥር ላይ እንኳ ሌሊቱ ከ20 ዲግሪ በታች መውረዱ ብርቅ ነው። ስለዚህ ከተማው ሁሉ በየጋሎኑ የማያየውን ክረምት እየከፈለበት ይገዛል። እናቴ ለእኔ እንዳደረገችው ፋብሪካውም ለጅቡቲ ሕዝብ ብርድ ልብስ ያሸክማል። ሳቄ መጣ።

አዛውንቱ ግን አልሳቁም። «ጠዋት ስታስነሣት ሞተሯ ውስጥ ስንት ዲግሪ ይሆናል?» አሉኝ።

«ሠላሳ ምናምን።»

«ሥራ ላይ ስትሆንስ?»

«መቶ አሉኝ እኮ አሁን።»

«እንግዲያ ሠላሳው ለእሷ ምኗ ነው?»

የገባኝ ያኔ ነው። ተራ 15 ደብልዩ 40 ዘይት በ40 ዲግሪ ላይ፣ በ100 ዲግሪ ከሚሆነው ሰባት እጥፍ ገደማ ይወፍራል። እኛን የሚያቀልጠን የጅቡቲ ቀትር ለሞተር ውርጭ ነው! ቁልፍ ሲዞር ዘይቱ ታች ገንዳው ውስጥ ተኝቷል። ፓምፑ ስቦ ላይ እስኪያደርሰው ድረስ ብረትና ብረት ከትናንት በተረፈ ቅባት ብቻ ይፋተጋሉ፤ ሞተር አብዝቶ የሚበላውም በዚያች ቅጽበት ነው። ዘይቱ ከደረሰ በኋላ የሚሽከረከረው ዘንግ ከሥሩ እየሳበ ያስገባውና በዘይቱ ላይ ይንሳፈፋል፤ ብረት ብረትን አይነካም። ዘይቱ አለቅጥ ከቀጠነ ያ ስስ ምንጣፍ ይቀደዳል። አለቅጥ ከወፈረ ደግሞ ቶሎ አይደርስም፤ ፓምፑን ያደክማል፤ ነዳጅም ያስበላል። ውጭው 42 ቢሆንም 22፣ ቴርሞስታቷ ደህና እስከሆነ ድረስ ሞተሯ የራሷን ሙቀት ትጠብቃለች። የራሷ አገር፣ የራሷ አየር አላት። እኔ ላቡ የእኔ ሆኖ ሳለ መድኃኒቱን ለእሷ አጠጣኋት።

ይህን ቁጥር ያወጣው እ.ኤ.አ. በ1905 ኒው ዮርክ ላይ የተቋቋመው የአውቶሞቢል መሐንዲሶች ማኅበር ነው፤ ጋሎኑ ላይ «ኤስ.ኤ.ኢ.» ተብሎ የሚጻፈው የእሱ ስም ነው። የመጀመሪያውን የዘይት ደረጃ ያወጣው በ1911 ነው። ከዚህ ይልቅ እኔን የገረመኝ የሌላው የውፍረት መለኪያ፣ የ«ፖይዝ» ስም ነው። የተወሰደው ፕዋዜይ ከሚባል የ19ኛው ክፍለ ዘመን ፈረንሳዊ ሐኪም ነው። ሰውየው ደም በቀጫጭን ሥር እንዴት እንደሚያልፍ ለማወቅ በጸጉር መሳይ ቱቦዎች ፈሳሽ ሲያሳልፍ የኖረ ነው። መካኒኬ «ዘይት የሞተር ደም ነው» ባለኝ ቁጥር ሒሳብ ሊያስጨምረኝ ይመስለኝ ነበር። ለካስ ሐኪም አስመስክሮ ኖሯል።

ሹፌሩም በከፊል ልክ ነበር። ናፍጣና ቤንዚን የሚለየው ቁጥሩ ሳይሆን «ኤ.ፒ.አይ.» ከሚለው አጠገብ ያሉት ፊደሎች ናቸው። በኤስ የሚጀምረው ለቤንዚን፣ በሲ የሚጀምረው ለናፍጣ ነው። ባለታክሲውም አልዋሸም። ያረጀ ሞተር ክፍተቱ ስለሚሰፋ ወፍራም ዘይት ድምፁን ያፍንለታል፤ ዘይት መብላቱንም ይቀንስለታል። ይህ ግን ማስታገሻ ነው፤ ሕመሙ እዚያው አለ።

ባለ ሁለት ቁጥር ዘይት እንዴት በብርድም በሙቀትም ይሆናል ስንል አዛውንቱ ሹፌሩን አሳዩን። ድሮ ዘይት ባለ አንድ ቁጥር ነበር፤ ለብርድ ሌላ፣ ለሙቀት ሌላ ይገዛ ነበር። አሁን ግን ሲበርዳቸው ተጠቅልለው የሚተኙ፣ ሲሞቃቸው የሚዘረጉ ረጃጅም ሞለኪውሎች ይጨመሩበታል። በብርድ ጊዜ ከመንገድ ዞር ይላሉ፤ በሙቀት ጊዜ ተዘርግተው ዘይቱን ከመቅጠን ያግዱታል። የአዲስ አበባ ሹፌርም እንዲሁ ነው። ከ2,300 ሜትር በላይ ከፍታ ላይ በጋቢ ተጠቅልሎ ይነሣል። አዋሽን፣ ሚሌን፣ ጋላፊን አልፎ ወደ 900 ኪሎ ሜትር ገደማ ነድቶ ባሕሩ ዳር ሲደርስ ሽርጥ አገልድሞ ተዘርግቶ ታገኙታላችሁ። በሁለቱም ቦታ ይሠራል። እኔ የደብረ ብርሃኑ ባለ አንድ ቁጥር ነኝ፤ እዚህ ስደርስ ቀልጬ ቀረሁ። ሞለኪውሎቹ ግን በሥራ ብዛት እየተቆራረጡ ስለሚያጥሩ ዘይቱም አገልግሎቱ ያልቃል። ሹፌሩ ይህን ሲሰማ ወገቡን ያዝ አድርጎ «እኔንም እዚህ ጋ ነው የቆራረጠኝ» አለ።

«ታዲያ ለእኔዋ የትኛው ነው የሚሆናት?» አልኩ በመጨረሻ።

«መጽሐፏ ምን ይላል?»

የዳሽቦርዱን መሳቢያ ከፈትኩ። የደረቀ የጫት ቅጠል፣ የቤንዚን ደረሰኝ፣ አንድ እግር ካልሲ። መጽሐፍ የለም። አዛውንቱ ለመጀመሪያ ጊዜ ከወንበራቸው ተነሡ። ጨርቅ አነሡና የዘይት ማስገቢያውን ክዳን ጠረግ፣ ጠረግ አደረጉት። ከዘመናት ግራሶና አቧራ ሥር ጽሑፍ ብቅ አለ፦ 5 ደብልዩ 30። ሁላችንም አንገታችንን አስግገን አነበብን። ያን ክዳን እኮ አውቀዋለሁ። ዘይቱን ሳጎርሳት በግራ እጄ ጨብጬው ነበር!

ጭሱ ግን ከቁጥሩም አልነበረም፤ ከጉርሻው ነው። ዘይት ከልኩ ሲያልፍ የሚሽከረከረው ዘንግ እየናጠ አረፋ ያደርገዋል፤ አረፋ ደግሞ ብረት አያለሰልስም። የተትረፈረፈው ወደ ማቃጠያው ሾልኮ ይነድዳል፤ ምኒልክ አደባባይ ላይ የታየው እሱ ነበር። መካኒኬ ሁለተኛ ቪዳንዥ አደረገ፤ ሁለተኛ ሒሳብም ነገረኝ፤ በአማርኛ።

በዚያው ሌሊት ክሊማውን፣ የአየር ማቀዝቀዣውን ማለቴ ነው፣ አብርቼ ተኛሁ። በአሥር ሰዓት ላይ ጥርሴ ሲንቀጫቀጭ ነቃሁ። ተነሥቼ ሻንጣውን ከፈትኩና የደብረ ብርሃኑን ብርድ ልብስ አወጣሁ። እናቴ በነጋታው ደውላ «ብርዱስ?» ስትለኝ «አለ እማዬ፤ ሌሊት ሌሊት አለ። ለመኪናዋም ጠዋት ጠዋት አለ» አልኳት። «አላልኩህም?» አለች፤ ስለ ዘይት ምንም ሳትጠይቅ።

አንባቢዬ ሆይ፣ እርስዎም ሱቅ ገብተው ጋሎኖቹ ፊት ከመቆምዎ በፊት፣ መካኒክም ጎረቤትም ከመጠየቅዎ በፊት፣ ጨርቅ ይያዙና ክዳኑን ይጥረጉ። እዚያ ካልተጻፈ መጽሐፏ ላይ አለ። ከሁለቱም ካጡት ያኔ ችሎት ይሰየም። መለኪያው ዘንግ ላይ ካለው ከላይኛው ምልክት ግን አንዲት ጠብታ አያሳልፉ፤ ሞተር ጉርሻ አያውቅም።